ከቆረቆንዳ የተሠራው የቀለም ማጣሪያ ከሰል፦ ለአለላ ግዙት፣ ለክር ግን ቆዩ

ነገር ሳላንዛዛ ልጀምር። ኮምቦልቻ ላይ የተደራጁ ልጆች ከበቆሎ ቆረቆንዳ ሠርተው የሚሸጡት የቀለም ውሃ ማጣሪያ ከሰል አለ። አለላ፣ ማለትም ለመሶብና ለሰፌድ የሚሆን አክርማ፣ የምታቀልሙ ከሆነ ግዙት። የጥጥ ክር የምታቀልሙ ከሆነ ግን ብሩ ከኪሳችሁ ከመውጣቱ በፊት ይሄን አንብቡ፣ ሻጮቹ የማይነግሯችሁ ነገር አለ።

እኛ ደሴ ነን። ቤታችን ሁለቱም ሥራ አለ። እናቴና አክስቴ መሶብና ሰፌድ ይሰፋሉ፣ አክርማውን ራሳቸው ቀቅለው ያቀልማሉ። እኔና ወንድሜ ደግሞ ለሸማኔዎች ክር እናቀልማለን። ጓሯችን በርሜል ብቻ ነው። እጣቢው ወደ ቦይ ነበር የሚሄደው። ቦዩ አንድ ቀን ቀይ፣ በማግስቱ አረንጓዴ፣ የበዓል ሰሞን ደግሞ ስም የሌለው ቀለም ሆኖ ይወርዳል። ጎረቤት ይሉኝታ ይዞት ዝም አለ እንጂ ደስ ብሎት አይደለም።

ቦዩ ደግሞ እኛ በር ላይ አያበቃም። የደሴ ውሃ ቦርከና ይገባል፣ ቦርከና በኮምቦልቻ አድርጎ ጨፋ ሜዳ ይወርዳል፣ መድረሻው አዋሽ ነው። ጨፋ ላይ በበጋ የስንቱ ከብት እንደሚሰማራ የወሎ ሰው ያውቀዋል። ስለ ቀለም ውሃ ሲወራ ሰው ሁሉ ጣቱን የሚቀስረው ኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ላይ ነው። ጨርቃ ጨርቁ አለ፣ ቆዳው አለ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ግን ፋብሪካ ቢያንስ የሚጠይቀው ሕግ አለው። የእኛን የጓሮ በርሜል ማንም መጥቶ አይቶት አያውቅም።

እሺ፣ ወደ ዕቃው። በማዳበሪያ ከረጢት ነው የሚመጣው። ሲከፈት ጥቁር ጠጠር ከደቃቅ ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ ታያላችሁ። ዋጋው ከአንድ ማዳበሪያ የማገዶ ከሰል ብዙም አይርቅም። ከውጭ የሚገባውን አክቲቬትድ ካርቦን (ለማጣሪያ ተብሎ ቀዳዳው እንዲከፈት የተሠራ ከሰል) ዋጋ ጠይቃችሁ የምታውቁ ከሆነ ልዩነቱን አልነግራችሁም፣ ትስቃላችሁ።

አሠራሩን ልጆቹ አልደበቁኝም፣ ይሄን ወድጄላቸዋለሁ። ቆረቆንዳው ይደርቃል፣ ይሰባበራል፣ ፎስፎሪክ አሲድ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ከዚያ አየር በማያስገባ የብረት በርሜል ውስጥ ይጋገራል። እንዲህ ያለው ሥራ በአብዛኛው ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ይፈልጋል። አሲዱ ለምን? ዝም ብሎ የተከሰለ እንጨት ውስጡ ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች በሬንጅና በአመድ የተደፈኑ ናቸው። አሲዱ ሬንጁ እንዳይፈጠር ያግዳል፣ ቀዳዳውንም ይከፍታል። በደንብ የተሠራ አክቲቬትድ ካርቦን አንድ ግራሙ ብቻ የውስጥ ገጹ ቢዘረጋ ከ500 እስከ 1500 ካሬ ሜትር ይሆናል። ቀለሙ የሚጣበቀው እዚያ ላይ ነው። ከሰል ቀለም እንደሚያነሳ ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። በ1785 እ.ኤ.አ. ሎቪትስ የሚባል የሴንት ፒተርስበርግ ፋርማሲስት ነው ያስተዋለው። ብዙም ሳይቆይ የአውሮፓ ስኳር ፋብሪካዎች ሽሮፓቸውን ለማንጣት በከሰል መጠቀም ጀመሩ።

አንድ ነገር በጣም ያስደሰተኝ የጥሬ ዕቃ ምርጫቸው ነው። ሰው ስለ ግብርና ተረፈ ምርት ሲያወራ የጤፍ ጭድና የማሽላ አገዳ ሜዳ ላይ ወድቆ የሚበሰብስ ይመስለዋል። ወሎ ላይ እስቲ ጭድ በነፃ አምጡ! ጭድ የበሬ ቀለብ ነው፣ ከጭቃ ጋር ተቦክቶ የግድግዳ ምርጊት ነው፣ በድርቅ ዓመት ደግሞ ዋጋው ጤፉን ሊያስንቅ ምንም አይቀረው። የማሽላ አገዳም እንደዚያው። ቆቦና ቃሉ ሂዱና እዩ፣ ላም ትበላዋለች፣ ምድጃ ይበላዋል፣ የቀረው አጥር ይሆናል። ጥናት ላይ ‹‹በነፃ የሚገኝ›› ተብሎ የተጻፈውን አገዳ ገበሬው በር ላይ ሄዳችሁ ስትጠይቁ በሸክም ዋጋ ይነገራችኋል። ከከብት አፍ ነጥቆ ከሰል መሥራት ደግሞ ርካሽ አይባልም። ቆረቆንዳ ግን ከብት ብዙ አይወድደውም፣ እሳት ላይም ፈጥኖ ያልቃል። ልጆቹ አሁን የጫት ገረባ እየሞከሩ ነው አሉኝ። ገረባ በቃ እውነተኛ ቆሻሻ ነው። ጫት በሚሸጥበት ሰፈር ሁሉ ጠዋት ጠዋት የሚጠረገው እሱ ነው። ቅንጨ አረምም ለዚህ ሥራ ይሆናል፣ ከእርሻ ላይ ቢነቀል የሚያለቅስለት ገበሬ የለም። ብቻ ከማበቡ በፊት ይነቀል፣ በእጅም አይነካ፣ ቆዳ ያሳክካል፣ ደረትም ያፍናል።

አሁን ወደ ሙከራው። መጀመሪያ በጂቪ ነው ያየሁት፣ ጤና ጣቢያ ቁስል ላይ በሚቀቡን ወይን ጠጅ መድኃኒት። ቤዚክ ከሚባሉት ቀለሞች አንዱ ነው። ሁለት ብርጭቆ ውሃ፣ እያንዳንዱ ላይ ጠብታ ጂቪ፣ አንዱ ላይ የተወቀጠ የምድጃ ከሰል፣ አንዱ ላይ የልጆቹ ከሰል። የምድጃው ከሰል ቀለሙን አደበዘዘው፣ ወይን ጠጅነቱ ግን አልጠፋም። የልጆቹ ግን ጥርት አደረገው። አክስቴ ብርጭቆውን አንስታ ወደ መስኮቱ አሳየችው፣ አገላብጣ አየችው፣ ‹‹ወላሂ ጉድ ነው›› አለች። እሷ በቀላሉ የምትደነቅ ሰው አይደለችም።

የአለላ እጣቢ ላይም እንደዚያው። ቤዚክ ቀለሞች ሣርና ጁት የመሳሰለውን ነገር ያለ ብዙ ጣጣ ይይዛሉ፣ የእኛም የአለላ ቀለም ባህሪው የእነሱ ነው። ቀዩም አረንጓዴውም ወይን ጠጁም ተነሳ። እጣቢውን ቀዝቀዝ አድርገን በርሜል ውስጥ ከከሰሉ ጋር አማሰልነው፣ እየመላለስን እያማሰልን ቆየን፣ ከዚያ አስተኝተን ላይ ላዩን በሻሽ አጠለልን። ቡና ተፈልቶ ሦስተኛው እስኪጠጣ ድረስ ሥራው አልቋል። ትልቁ ነገር ማማሰሉ ነው። ከሰሉን ጨምሮ ትቶ መሄድ ሰነፍ ውጤት ነው የሚሰጠው፣ ቀለሙ ወደ ቀዳዳው ተጉዞ መግባት አለበትና።

እስከዚህ ድረስ ሠርግ ነው። ለክሩ እጣቢ ስንሞክረው ግን ነገሩ ተበላሸ።

የጥጥ ክር የምናቀልመው ሪአክቲቭ በሚባለው ቀለም ነው። እሱ ጥጡን እንዲይዝ ብዙ ጨውና ሶዳ አሽ ይጠይቃል፣ ስለዚህ እጣቢው ፒኤቹ (አሲድ ነው አልካላይ የሚባልበት መለኪያ) 10 እና ከዚያ በላይ ይሆናል፣ ጠንካራ አልካላይ ማለት ነው። እንደ ዓይነቱ ከ10 እስከ 50 ከመቶ የሚሆነው ቀለም ደግሞ ጥጡን ሳይዝ ከውሃው ጋር ይወጣል። ማለትም የክር እጣቢ ከአለላ እጣቢ የባሰ ነው። ያንን የመሰለ ከሰል ጨምረን፣ አማስለን፣ ጠበቅን። ቀይ ነበረ፣ ቀይ ሆኖ ቀረ። እንደ ምንም ትንሽ ደብዘዝ አለ፣ እሱም ለዓይን ያህል።

ሻጩ ልጅ ጋ ደወልኩ። ‹‹እትዬ፣ ማንኛውንም ቀለም ያነሳል ብለንሽ የለ? ትንሽ ጨምሪበት›› አለኝ። ጨመርኩበት። ከሰል በላ እንጂ ቀለም አልበላም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ከሰል ውሃ ውስጥ ሲገባ ገጹ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ይይዛል። በፎስፎሪክ አሲድ የተሠራ ከሰል ገጹ አሲዳማ ስለሆነ በተራ ውሃ ውስጥ ኔጌቲቭ ይሆናል። ቤዚክ ቀለሞች ፖዚቲቭ ናቸው፣ ስለዚህ ይሳባሉ። ሪአክቲቭ ቀለሞች ግን ራሳቸው ኔጌቲቭ ናቸው፣ ሶዳው ደግሞ የከሰሉን ኔጌቲቭነት ያባብሰዋል። ሁለቱ ይገፋፋሉ። ከሰል ብትደራርቡ ያው ነው። መፍትሔው ውሃውን አሲዳማ ማድረግ ነው፣ ያኔ የከሰሉ ኔጌቲቭነት ይቀንሳል፣ ውሃው በጣም አሲዳማ ሲሆንም ይገለበጣል። አቼቶ ጨምረን ሞከርነው። ሶዳው አረፋ እየነሰነሰ ጉድ አፈላ፣ ከዚያ በኋላ ግን ቀዩ ወደ ሮዝ፣ ሮዙም ወደ ፈዛዛ ሮዝ ወረደ። ይሠራል ማለት ነው። ነገር ግን ያንን ሁሉ ሶዳ ለመግደል የገባው አቼቶ ዋጋው ከከሰሉ በለጠ! ያም አልበቃ፣ ኮምጣጣ ሆኖ የቀረውን ውሃ ወደ ቦይ ከመልቀቅ በፊት እንደገና በአመድ መመለስ ነበረብን። ለአንድ በርሜል እጣቢ ይሄ ሁሉ ድካም የሚያዋጣው ሰው ካለ ይንገረኝ።

እና ‹‹ማንኛውንም ቀለም›› የሚለውን ነገር ተዉት፣ ልጆች። የምትሸጡት ጥሩ ዕቃ ነው፣ ውሸት አያስፈልገውም። ‹‹ለአለላ፣ ለሱፍና ለክር ሁሉ›› ከማለት ‹‹ለአለላ›› ብላችሁ ብትጽፉበት የሰፌድ ሰፊ ሁሉ ይገዛችኋል። ወሎ ላይ ደግሞ ሰፌድ ሰፊ ሞልቷል።

ሌላው ጉዳይ መጠን ነው። ስንት ልጨምር? ከረጢቱ ላይ ምንም አልተጻፈም። በቃል ‹‹አንድ ጣሳ በባልዲ›› ይላሉ። የማን ጣሳ? ምን ያህል ቀለም ያለበት ባልዲ? ላቦራቶሪ ውስጥ አንድ ግራም ከሰል ስንት ሚሊግራም ቀለም እንደሚይዝ ይለካል። ለምሳሌ 100 ሚሊግራም ከያዘ አንድ ኪሎው 100 ግራም ቀለም ያነሳል ማለት ነው። ግን ይሄ ቁጥር የሚገኘው ውሃው ውስጥ ገና ብዙ ቀለም እያለ ነው። ላንግሙር የሚባለው አሜሪካዊ ኬሚስት (1932 እ.ኤ.አ. ኖቤል የወሰደው) በ1918 የጻፈው ቀመር የሚለው ይሄንኑ ነው። መናኸሪያው በሰው ሲሞላ ሚኒባሱ ወንበሩ ሁሉ ተይዞ ይወጣል፣ ሰው ሲሳሳ ግን ወንበር እያለ ባዶውን ይሄዳል። ውሃው ጥርት እስኪል ድረስ ስትጠብቁ መጨረሻ ላይ ያለው ከሰል ግማሽ ባዶ ሆኖ ነው የሚጣለው።

ለዚህ እኛ ያገኘነው ዘዴ አለ፣ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይሄን ውሰዱ። ሁለት በርሜል አድርጉ። አዲሱን እጣቢ መጀመሪያ አንዴ ያገለገለው ከሰል ላይ አፍስሱት። ውሃው ገና ጠንካራ ስለሆነ ያ ከሰል የቀረውን ቦታ ይሞላል፣ ብዙውን ቀለም ያነሳል። ከዚያ የቀለለውን ውሃ ወደ ሁለተኛው በርሜል፣ አዲስ ከሰል ላይ። እሱ ጥርት ያደርገዋል። በሚቀጥለው ዙር የሁለተኛው ከሰል ወደ መጀመሪያው በርሜል ይዛወራል፣ የመጀመሪያው ይወጣል። ከሰሉ ይበረክታል፣ ልዩነቱ በጣም ይታያል። ወንድሜ በርሜል ታች ጠጠርና አሸዋ አድርጎ ከላይ ከሰሉን ደልድሎ እንደ ወንፊት ሊያሳልፈው ሞክሮ ነበር። ውሃው በአንድ በኩል መንገድ ቀደደና ቀለሙን እንደያዘ ታች ዱብ አለ። ዱቄትና ጠጠር ሲቀላቀል እንደዚህ ነው፣ ወጥ ሆኖ የተነፋ ከሰል ቢሆን ኖሮ ይሄም መንገድ ይሠራል።

ወደ ጉድለቶቹ ልለፍ። ዱቄቱ በጣም ያስቸግራል። ስትከፍቱት አፍንጫ ይገባል፣ ጭምብል አድርጉ፣ የታጠበ ልብስ የተሰጣበት ግቢ ውስጥ በፍጹም አትክፈቱት። ደግሞ በደንብ አልታጠበም። የመጀመሪያውን መዘፍዘፊያ ውሃ በሊትመስ ወረቀት አይተነዋል፣ ቀይ ነው። አሲዱ አለበት ማለት ነው። ፎስፎሪክ አሲድ ውሃ ውስጥ ፎስፌት ይሆናል፣ ፎስፌት ደግሞ ኩሬ ውስጥ ሲገባ አረንጓዴ አልጌ ያበቅላል። ቀለም አነሳሁ ብሎ በሌላ በኩል ሐይቅ ማበላሸት አያምርም፣ በተለይ ሐይቁ ዳር ባለችው ሐይቅ ከተማ ለሚኖር ሰው። እቤት በተደጋጋሚ ማጠብ ይቻላል፣ እናደርገዋለንም፣ ግን የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ለሚመጣላት ደሴ ይሄ ቀልድ አይደለም። ማጠቡ የሻጩ ሥራ ነው። አጥበው ያንን ውሃ መልሰው ለሚቀጥለው መዘፍዘፊያ ቢጠቀሙበት እኮ አሲዱም አይባክንባቸውም።

ሌላ ጥያቄ፣ ምርቱ ከከረጢት ከረጢት ይለያያል። አንዱ ጥሩ ተከስሏል፣ አንዱ ውስጥ ቡናማ ያልበሰለ ቆረቆንዳ አግኝቻለሁ። በብረት በርሜል ሙቀት መቆጣጠር ከባድ መሆኑ ይገባኛል። ግን ኮምቦልቻ ላይ እኮ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ፣ ኬሚካል ምህንድስናም ጨርቃ ጨርቅም የሚማሩበት። ናሙና ይዞ ሄዶ ሜቲሊን ብሉ በሚባለው ሰማያዊ ቀለም ማስለካት ነው። ሜቲሊን ብሉ በ664 ናኖሜትር ላይ ብርሃን ይውጣል፣ ከከሰሉ በፊትና በኋላ ለክቶ ልዩነቱን መጻፍ ነው። ያችን አንዲት ቁጥር ከረጢቱ ላይ ቢለጥፉ ‹‹የማን ጣሳ›› የሚለው ጭቅጭቅ ይቀራል።

አሁን የሚያሰጋኝን ልናገር። የጠራ ውሃ ንጹሕ ውሃ አይደለም። ጎረቤታችን በርሜላችን ላይ ያየችውን ጥርት ያለ ውሃ ‹‹ለበጎቹ ልውሰደው?›› ብላ ጠይቃኛለች። አይሆንም አልኳት። ዓይናችን ቀለምን ጎበዝ አድርጎ ያያል፣ በአንድ ሊትር ውስጥ 1 ሚሊግራም ሳይሞላ እንኳ ያያል። ጨውን ግን አያይም፣ የቀለሙን ረዳት ኬሚካሎች አያይም፣ ብረቱን አያይም። አዞ (azo) ከሚባሉት ቀለሞች አንዳንዶቹ ሲፈርሱ አሚን የሚባሉ፣ ካንሰር የሚያመጡ ቀለም አልባ ኬሚካሎች ይወጣቸዋል። የአውሮፓ ኅብረት በ2002 እ.ኤ.አ. መመሪያ አውጥቶ 22 ዓይነት አሚኖች የሚለቁ ቀለሞችን ገላ ከሚነካ ልብስ የከለከለው በዚህ ነው። እኛ የጠራውን ውሃ መልሰን ለሚቀጥለው አለላ መቀቀያ ነው የምንጠቀምበት። አንድ በርሜል ውሃ በቁጠባ ማለት ነው፣ ለእኛ ትልቁ ትርፍ ይሄ ሆኗል። መጠጥ፣ ከብት፣ ጎመን ግን በጭራሽ።

በኮከብ ንገሪን ካላችሁ፣ ለአለላ ከአምስት አራት። ለጥጥ ክር አንድ ተኩል፣ ያውም ለአቼቶው ሙከራ። ለማሸጊያውና ለመመሪያው ዜሮ፣ የለማ። አገልግሎታቸው ግን ጥሩ ነው። ስትደውሉ ያነሳሉ፣ ደሴ ድረስ በመኪና ይልካሉ፣ ያልበሰለውን ከረጢት ያለ ክርክር ቀይረውልኛል። ስትገዙ ከረጢቱን እዚያው አስፈትታችሁ እዩ፣ ቡናማ ነገር ካለበት ተዉት፣ ዱቄት የበዛበትንም አስነፍታችሁ ውሰዱ።

የቀረ አንድ ነገር አለ፣ ያገለገለው ከሰል። ቀለሙ እኮ አልጠፋም፣ ከውሃ ወደ ከሰል ነው የዞረው። ወንዝ ዳር ከተደፋ ዝናብ መልሶ ያወርደዋል። ምድጃ ላይ ቡና ማፍላት ደግሞ ያንን ሁሉ ቀለም በጭስ መልክ መሳብ ነው፣ እባካችሁ እንዳታደርጉት። ልጆቹ ሲሸጡ ‹‹እንመልሳለን፣ እንደገና ጋግረን እናድሰዋለን›› ብለው ነበር። በተዘጋ ምድጃ እንደገና ማጋል እውነትም የሚሠራበት መንገድ ነው፣ ትንሽ አቅሙ ይቀንሳል እንጂ። ግን እስካሁን የመጣ የለም። ከረጢቶቹ ከቆርቆሮው ሥር ዝናብ እንዳይነካቸው ተደርድረው ቦታ ይዘዋል፣ እናቴም ‹‹ይሄን ጥቁር ነገር አንሡልኝ›› ማለት ጀምራለች። በሚቀጥለው አዲስ ከረጢት ሲያመጡ አሮጌውን ሳይጭኑ እንደማልከፍል ነግሬያቸዋለሁ። እናንተም ስትገዙ ከመጀመሪያው ይሄንኑ ውል ያዙ።